ያረጀ ግራይንደርን እንዴት ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል

ያረጀ ግራይንደር፣ ማለትም ብረት የሚሳልበትን ድንጋይ በሞተር የሚያዞር ማሽን፣ እጃችሁ ከገባ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። ይሠራ እንደሆነ ለማየት ብላችሁም ቢሆን አትሰኩት።

ይህን የምለው በራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት ከተዘጋ ብረታ ብረት ቤት የወጣ ባለ ሁለት ድንጋይ የጠረጴዛ ግራይንደር ገዛሁ። ጉጉቱ አላስቻለኝምና ቤት እንደደረስኩ ሰካሁት። ዞረ፤ ደስ አለኝ። ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው አንደኛው ድንጋይ ተሰበረና ቁራጩ የግቢውን የቆርቆሮ አጥር በስቶ ወጣ። ወደ ጎን ዞር ብዬ ስለነበር እግዚአብሔር አተረፈኝ።

ስሌቱን በኋላ ሠራሁት። እንዲህ ያለ ግራይንደር በእኛ አገር መብራት ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 2850 ጊዜ ገደማ ይዞራል። 200 ሚሊ ሜትር ድንጋይ ከታሰረበት ጠርዙ በሰከንድ 30 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ሞተሩ ቢያረጅ ችግር የለም፣ ይታደሳል። ድንጋይ ግን አይታደስም፤ ታሪኩን የማታውቁትን ድንጋይ አውጥታችሁ ጣሉት።

መጀመሪያ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን የብረት ጽሑፍ አጽዱና አንብቡ። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። 380 ብቻ የሚል ባለ ሦስት ፌዝ ነውና ተራ የቤት ሶኬት ላይ አይሠራም። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ከሆነ 110 ወይም 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ሊል ይችላል። እሱን 220 ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ ስለዚህ በትራንስፎርመርም ቢሆን ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ይበልጥ ይሞቃል።

ድንጋዮቹን ማውጣት

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሻፍት፣ ማለትም ድንጋዮቹ የሚታሰሩበትን የሞተሩን ዘንግ፣ ያበላሻል። የቀኙ ዳዶ እንደ ማንኛውም ዳዶ ይፈታል። የግራው ግን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው። እንደለመዳችሁት ወደ ግራ ካዞራችሁት ይብስ ይጠብቃል። ለማስታወስ የሚቀለው እንዲህ ነው፦ ሁለቱም ዳዶዎች የሚፈቱት ድንጋዩ ሲሠራ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ማለትም ከላይ ወደ እናንተ። እምቢ ካለ ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ረጭታችሁ አሳድሩት። በመዶሻ አትቀጥቅጡት፤ ሻፍቱ ትንሽ ከታጠፈ ግራይንደሩ ዕድሜ ልኩን ይንቀጠቀጣል።

ሞተሩን መክፈት

ከመክፈታችሁ በፊት ክዳኖቹና የሞተሩ አካል በሚገናኙበት ቦታ በሹል ነገር ምልክት አድርጉ። የሽቦዎቹንም አቀማመጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ረጃጅሞቹን ብሎኖች ፈትታችሁ ክዳኑን በጎማ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ምቱት። ውስጡ ለዓመታት የተጠራቀመ የብረት ብናኝ ታገኛላችሁ። በደረቅ ብሩሽ አጽዱት። የሞተሩን የሽቦ ጥምጥም በውኃም በቤንዚንም አትጠቡት።

ሻፍቱ ተደግፎ የሚዞርበትን ኩሽኔታ በጣት አዙሩት። ከሻከረ፣ ድምፅ ካለው ወይም ወዲያ ወዲህ ካለ ይቀየር። እኔ እስካልተቆለፈ ድረስ ይቆይ በሚለው አልስማማም። ሞተሩ አንዴ ከተከፈተ ሁለቱንም መቀየር ነው። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ 6203 ከሆነ የውስጡ ቀዳዳ 17፣ የውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ስትገዙ ሁለት ጎኑ በጎማ የተሸፈነውን፣ 2አርኤስ የሚባለውን ጠይቁ። የድንጋይ ብናኝ የሚገድለው ክፍቱን ነውና። አሮጌውን ኩሽኔታ ስቦ በሚያወጣ መሣሪያ፣ በፑለር አውጡ። አዲሱን ስታስገቡ የውስጡን ቀለበት ብቻ በሚነካ ቧንቧ ግፉት። የውጩን ቀለበት እየመታችሁ ካስገባችሁት አዲሱ ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ይጎዳል።

መብራቱን መፈተሽ

ቴስተራችሁን ከፍተኛው ኦም ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የጥምጥሙ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ አካል ላይ አስነኩ። ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ እርጥበት ሊሆን ስለሚችል ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አቆዩትና ደግማችሁ ሞክሩ። ክረምቱን መጋዘን ውስጥ የከረመ ሞተር ብዙ ጊዜ በዚህ ይድናል። ያም ካልሆነ ሞተር ለሚጠመጥም ባለሙያ ስጡት።

ሞተሩ እም እያለ የማይነሳ፣ በእጅ ሲገፋ ግን የሚዞር ከነበረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ካፓሲተር ነው። ተነቅሎም ቻርጅ ይይዛልና እግሮቹን በእጃችሁ አትንኩ። የድሮውን ዓይነት የሚሞቅ አምፖል በሁለቱ ጫፎች መካከል አገናኝታችሁ አራግፉት። አዲሱ በማይክሮፋራድ እኩል፣ በቮልት እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። የተሰነጣጠቀ ገመድ ካለ ባለ ሦስት ሽቦ ቀይሩለት፤ የኧርዙንም ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር በብሎን አጥብቃችሁ እሰሩ። ይህ የብረት ዕቃ ነው። ኧርዝ ከሌለው ነገ የሚይዘው እናንተን ነው።

ቀለሙ የፍላጎት ጉዳይ ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንስታችሁ ቀቡት፤ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ብቻ አትሸፍኑ።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ሻፍቱ በእጅ ቀለል ብሎ መዞር አለበት። ድንጋይም ዳዶም ሳታስሩ ለአሥር ደቂቃ ያህል አስነሱት። ድምፁ አንድ ዓይነት ከሆነና ካልተንቀጠቀጠ ወደ ድንጋዩ እለፉ።

አዲሱ ድንጋይ

ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዙር ከሞተሩ ዙር መብለጥ አለበት። ከማሰራችሁ በፊት ቀዳዳውን ጣታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ በካቻቪቴ የፕላስቲክ እጀታ ቀስ ብላችሁ ጎኑን ምቱት። ጥርት ያለ የደወል ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው። የታፈነ ድምፅ ካሰማ ውስጡ ተሰንጥቋልና አትጠቀሙበት። አዙራችሁ ሌላም ቦታ ምቱት። ከመርካቶ ስትገዙ እዚያው ሱቁ በር ላይ ሞክሩት፤ ደህና ነጋዴ አይከፋም።

ጎንና ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት አትንቀሉ፤ ብረቱ ድንጋዩን እኩል እንዲጫነው የተደረገ ነው። ድንጋዩን ግራና ቀኝ የሚይዙት የብረት ሳህኖችም በስፋት እኩል ይሁኑ። ዳዶው ድንጋዩ እንዳይንሸራተት እስኪይዝ ብቻ ይጠብቅ። መሸፈኛውንም መልሱ። ያለ መሸፈኛ የሚሠራ ግራይንደር ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ያሳስበኛል።

የሥራ ማስደገፊያው ከድንጋዩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። ከላይ መሸፈኛው ላይ ያለው የብረት ምላስ ደግሞ ከ6 ሚሊ ሜትር። ክፍተቱ ከሰፋ የምትስሉት ብረት ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፤ ጣትም ተከትሎ ይገባል። ድንጋዩ ባለቀ ቁጥር አቅርቧቸው።

በመጀመሪያው ማስነሻ መነጽር አድርጉ፣ ጓንት አውልቁ፣ ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎን ቆማችሁ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ የድንጋይ ፊት በሚያስተካክለው መሣሪያ፣ በድሬሰር ፊቱን አስተካክሉት። ሲዞር የሚዘለው ነገር ይጠፋል። ግራጫው ድንጋይ ላይ አሉሚኒየም ወይም መዳብ አትሳሉ፤ ቀዳዳዎቹን ይደፍንና ድንጋዩ መቁረጡን ትቶ ማሞቅ ይጀምራል።

ሥራ ላይ እያላችሁ መብራት ከሄደ ደግሞ ከአጠገቡ ከመነሳታችሁ በፊት ስዊቹን አጥፉ። መብራቱ ሲመለስ ግራይንደሩ በራሱ ይነሳል፤ ያን ጊዜ አጠገቡ የሚቆመው ልጅ ሊሆን ይችላል።