እየመራን የምንበላባቸው ስህተቶች፦ ካምፓኒ ኦፍ ሂሮውስ

ካርታው አብዛኛው በእኔ ቀለም ተሸፍኗል፣ ታንኬ ወጥቷል፣ ተጋጣሚዬ ቤዙ (ዋና ሰፈሩ) ውስጥ ተወሽቋል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የተበላሁት ግን እኔ ነኝ። ጌም ሰሪው ሬሊክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን የጦርነት ስትራቴጂ ጌም፣ ካምፓኒ ኦፍ ሂሮውስን፣ የተጫወተ ሁሉ ይህን ንዴት ያውቀዋል። ጌሙ መሬት ለያዘ ይከፍላል፤ ለተመታውም መነሻ መንገድ ይተውለታል።

ትልቁ ስህተት የያዙትን ቦታ በቁጥር መለካት ነው። ካርታው በቀጠናዎች የተከፋፈለ ነው፤ እግረኛህ ባንዲራውን ሲሰቅል ጥይት፣ ነዳጅ ወይም የሰው ኃይል (ወጪህን የምትከፍልባቸው ሦስቱ ሀብቶች) መግባት ይጀምራል። ግን ቀጠናው በሌሎች ቀጠናዎችህ በኩል ከቤዝህ ጋር መገናኘት አለበት። መሀል ላይ አንዷ ከተቆረጠች፣ ከእሷ ወዲያ ያለው ቀለሙ የአንተ ሆኖ ገቢው ዜሮ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ስለዚህ ሩቅ ያለውን ትልቁን ነዳጅ ስትይዝ መትረየስህን እዚያው ነዳጁ ላይ አትትከል፤ ዞር ብለህ ነዳጁን ከቤዝህ ጋር የምታገናኘዋን፣ ምንም የማትጠቅም የምትመስለዋን ጠባብ ቀጠና ፈልግ። ጎበዝ ተጫዋች የሚመጣው በእሷ ነው። ባንዲራህን ማውረዱ ብቻ ይበቃዋል፣ የራሱን እስኪሰቅል እንኳ አይጠብቅም። አንተም እየተመታህ ከሆነ መድኃኒቱ ይኸው ነው፦ ፊት ለፊት መግጠሙን ተወውና አንድ ርካሽ ስኳድ (የወታደር ቡድን) በጎን ልከህ የእሱን መገናኛ ቁረጥ።

ሁለተኛው፣ ማፈግፈግን እንደ ውርደት ማየት። ኪቦርዱ ላይ ቲን (T) ስትጫን ስኳዱ ወደ ቤዝ ይሮጣል፤ እስኪደርስ አይታዘዝህም፣ ግን በሩጫ ላይ ያለን ወታደር መግደል ይከብዳል። አንድ ሰው እንኳ ከተረፈ ስኳዱ ተረፈ ማለት ነው። የጎደሉትን መሙላት አዲስ ስኳድ ከማውጣት ይረክሳል፣ ያካበተው ልምድም አይጠፋም። የመትረየስ ተኳሾችህ ቆመው ካለቁ ግን መሣሪያው ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ጠላትም አንስቶ በራስህ ላይ ይተኩሰዋል። ለመቺህ ዱላ እንደማቀበል ነው። ብቻ ሁሉንም በአንዴ አትመልስ፣ ሜዳው ባዶ ይቀራል።

ስትመራ ደግሞ ጦር ማከማቸት አለ። ሠራዊትህ በበዛ ቁጥር የሰው ኃይል ገቢህ ይቀንሳል፤ ቀለብ በለው። ጦሩ ያለቀበት ተጋጣሚህ ቀለቡ ቀሎለት ካንተ ፈጥኖ ያገግማል። ለዚህ ነው በመሪነት ላይ ሆኖ የተሰራ ግድየለሽ ጥቃት የሚያስከፍለው፤ አንተ ያጣኸውን ለመተካት ስትንፏቀቅ እሱ ሞልቶ ይመጣል።

ኮከቦቹን መርሳትም የኔ የቆየ በሽታ ነው። በቪክቶሪ ፖይንት ጨዋታ (ነጥቡ ቀድሞ ያለቀበት የሚሸነፍበት) ካርታው ላይ የሚያዝ 3 ኮከብ አለ፤ በ500 ነጥብ ከጀመራችሁ፣ ያነሰ ኮከብ የያዘው ነጥቡ እየቀነሰ ይሄዳል። እኔ የተበተነውን ጦር እስከ ቤዙ ድረስ ሳሳድድ ሰውዬው በሁለት የተራቡ ስኳዶች ሁለት ኮከብ ይይዛል። ነጥብህ 80 ቢቀርም አላለቀልህም፤ ኮከቡን እኩል ካደረግከው መቀነሱ ይቆማል።

ጥይት አታጠራቅም፣ ባንክ አይደለም። ቦምብ ወርውርበት፣ ፈንጂ ቅበርበት።

የመጨረሻው፣ የመጀመሪያው ታንክ ብቅ ሲል "ጂጂ" (ጥሩ ጨዋታ ነበር፣ በቃኝ) ብሎ መውጣት። ጸረ ታንክ መድፍ እኮ የሚጠይቀው የሰው ኃይል እንጂ ነዳጅ አይደለም፤ ነዳጅ ያጣ ሰውም ታንክ ማቆም እንዲችል ነው እንዲህ የተሰራው። እኔ ራሴ ይህን እያወቅኩ ባለፈው ሰሞን ተናድጄ ወጣሁ። ማታ ሪፕሌዩን (የጨዋታውን ቅጂ) ከፍቼ ሳየው፣ የሰውዬው ነዳጅ መገናኛ ላይ አንድም ወታደር አልነበረም።