የዶክትሬት ተማሪን በኮቺንግ ዘዴ እንዴት ማማከር ይቻላል?

«እሺ ዶክተር» ብሎ ከቢሮ የወጣ ተማሪ ከሦስት ሳምንት በኋላ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ብዙ አማካሪ ስንፍና ነው ይላል። ነገሩን ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ቀጣዩን ሥራ የወሰነው አማካሪው ራሱ ሆኖ ይገኛል፤ ተማሪው ትእዛዝ ተቀብሎ ነው የሄደው። የኮቺንግ ዘዴ ውሳኔውን ወደ ተማሪው ይመልሰዋል፤ አማካሪው ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ተማሪው አስቦ ይመርጣል። ቂሊንጦ እንዳለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ዳር ባሉ ግቢዎች ደግሞ ዘዴው የበለጠ ይጠቅማል። ተማሪው ብዙ ጊዜ ራሱ ሌላ ቦታ የሚያስተምር መምህር ነው። ከመሀል ከተማ በትራፊክ ተጨናንቆ፣ ወይም ከክፍለ ሀገር ተነስቶ የሚመጣ ሰው በየቀኑ አማካሪው በር ላይ ሊቆም አይችልም፤ ብቻውን መወሰን መቻል አለበት።

መጀመሪያ፦ የሚጠየቀውንና የሚነገረውን ይለዩ

ሁሉን ነገር በጥያቄ መምራት ትልቁ ስህተት ነው። የአቃቂ ወንዝን ውኃ በሚጠጡ የአትክልት ማሳዎች ላይ የከባድ ብረቶችን መጠን የሚያጠና ተማሪ አለዎት እንበል። ስንት ቦታ ናሙና እንደሚወስድ፣ ከበጋው ይጀምር ወይስ ከክረምቱ፣ እሱ አስቦ ሊወስን ይችላል። ለብረት ምርመራ የተቀዳ ውኃ ግን በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች መውረድ አለበት፤ ካልሆነ ከብረቱ የተወሰነው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይያዝና ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ይመጣል። ይህን ለማያውቅ ተማሪ «አንተስ ምን ታስባለህ?» ማለት ጊዜ ማባከን ነው፤ ይንገሩት።

የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ የላብራቶሪ ደኅንነት፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ መቅዳት፣ የሬጅስትራር ቀነ ገደብም በቀጥታ የሚነገሩ ናቸው። ተማሪው መልሱን ሊደርስበት የሚችልበት እውቀት በእጁ ካለ ይጠይቁ፤ ከሌለ ወይም ስህተቱ ሌላ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ይናገሩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ «ይህን በቀጥታ ልንገርህ» ብለው ያሳውቁት፤ አለበለዚያ የትኛው ትእዛዝ፣ የትኛው ጥያቄ እንደሆነ ይምታታበታል።

የመጀመሪያው ስብሰባ

90 ደቂቃ ይያዙለት፤ መጨረሻ ላይ ተማሪው ግማሽ ገጽ ስምምነት ይጻፍ። የሚገባበት፦ በየስንት ጊዜ እንደምትገናኙ (በየሁለት ሳምንቱ ለአብዛኛው ይበቃል)፣ ረቂቅ ስንት ቀን ቀደም ብሎ እንደሚላክ (5 ቀን)፣ እርስዎ በስንት ቀን አንብበው እንደሚመልሱ (10 የሥራ ቀን)፣ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ስብሰባው በስልክ ይሁን ወይስ ይተላለፍ፣ ተባባሪ አማካሪው የተለየ ነገር ሲል የማን ቃል እንደሚጸና። የመጨረሻውን ሳይጻፍ አይለፉት። ሁለት አማካሪ ወዲያና ወዲህ የሚጎትተው ተማሪ ቢጠየቅም የራሱን ሐሳብ አያወጣም፤ የሚያወጣው ማንን እንዳያስቀይም ያሰላውን ነው።

የመመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ውይይቱ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቢሆን ይሻላል። በሚመቸው ቋንቋ ያሰበ ተማሪ ክርክሩን ጥርት አድርጎ ያወጣዋል።

የ60 ደቂቃው ስብሰባ አካሄድ

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ የተቀረጸው «ግሮው» የሚባለው አካሄድ ግብን፣ ያለውን ሁኔታ፣ አማራጮችንና ቁርጥ ውሳኔን በቅደም ተከተል ያስኬዳል። በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች «ዛሬ ምን ይዘህ ብትወጣ ደስ ይልሃል?» ብለው ይጠይቁ። «ስለ ምዕራፍ ሦስት እንድንወያይ» የሚል መልስ አይበቃም፤ «የናሙና ቦታዎቼን ቁጥር ቆርጬ መውጣት» እስኪሆን ድረስ ያጥብቡት። ቀጥሎ 15 ደቂቃ ሁኔታውን ይመልከቱ፦ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ገንዘቡና መኪናው ስንት ጉዞ ይበቃል።

ለአማራጮች 20 ደቂቃ ይስጡ፤ ተማሪው ሦስት ሳያወጣ የእርስዎን አይጨምሩ። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ እርስዎ ይፈልጋሉ ብሎ የገመተው ነው፣ የራሱ ሐሳብ የሚመጣው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ነው። ከዚያ 15 ደቂቃ ለውሳኔ፦ ምን፣ እስከ መቼ፣ ምን ሊያሰናክል ይችላል። በቀሪው 5 ደቂቃ ተማሪው የተወሰነውን በራሱ ቃል ይናገር፤ ያንኑ ዕለትም ጽፎ ይላክልዎ። ማጠቃለያውን እርስዎ ከጻፉት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

አጠያየቅ

«ለምን አልጨረስክም?» ሲባል ሰው ምክንያት ይደረድራል። «ምን ያዘህ?» ሲባል ግን ችግሩን ያወጣል። ከጠየቁ በኋላ እስከ 10 ድረስ በልብዎ ይቁጠሩ፤ ታላቅን በማክበር ያደገ ተማሪ ዝም የሚለው መናገር ያለበት ተራው መሆኑን እስኪያረጋግጥ ነው። «ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩን) ብትጠቀም አይሻልም?» የሚለው ደግሞ ጥያቄ ለብሶ የመጣ ትእዛዝ ነው፣ ተማሪውም ያውቀዋል።

«እሺ» ሲልዎ አይመኑት። «ከዚህ ውስጥ የማይመችህ የቱ ነው?» ብለው ይጨምሩ። «ምንም» ካለ፣ «ተባባሪ አማካሪህ ቢሰማ ምን ይቃወም ነበር?» ይበሉት፤ በሌላ ሰው ስም መቃወም ይቀልለዋል።

ረቂቅ ሲያርሙ

ተማሪው ከረቂቁ ጋር አምስት መስመር ማስታወሻ ያያይዝ፦ የትኛው ክፍል አስተማማኝ ነው፣ የቱ ያጠራጥረዋል፣ ምን ዓይነት አስተያየት ይፈልጋል። እርስዎ ከሦስት የማይበልጡ ዋና ነጥቦች ላይ ያተኩሩ። ገጹን በሙሉ በቀይ ያቀለሙት እንደሆነ ተማሪው ሰዋስዉን አርሞ ክርክሩን እንዳለ ይመልስልዎታል።

ሲሰናከል

አንድ ጉዳይ በሁለት ተከታታይ ስብሰባ ካልተንቀሳቀሰ ጥያቄውን ትተው አንድ አንቀጽ ወይም አንድ የትንተና ሠንጠረዥ አብራችሁ ሥሩ፤ የጎደለው ክህሎት ያኔ ይታያል። ተማሪዋ ለቅሶ ላይ ከሰነበተች፣ ወይም የምታስተምርበት ተቋም የትምህርት ፈቃዷን አሳጥሮ ክፍል ከጫነባት፣ የናሙና ጥያቄውን ወደ ጎን ያድርጉት። የጊዜ ሰሌዳውን አብራችሁ ከልሱ፤ ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት። እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ ካዩ ወደ ዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ይላኳት፤ ያ የአማካሪ ሥራ አይደለም፣ የኮቺንግም አይደለም።