ጌጣጌጥ ዲዛይን መጀመር ለምትፈልጉ፡ መጀመሪያ ካርቶን፣ ቀጥሎ መዳብ

ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ብርና ወርቅ አትንኩ በቃ። ያሰባችሁትን ቀለበት ወይ የጆሮ ጌጥ በትክክለኛ መጠኑ ከካርቶን ቁረጡና አድርጋችሁት ግማሽ ቀን ዋሉ፣ ልብስ የሚይዝ ወይ ጣት አላጥፍ የሚል ከሆነ ስዕሉ የፈለገ ቢያምር ዋጋ የለውም።

ደግሞ የዘመኑ ጌጥ የግድ ውድ ማቴሪያል አይፈልግም፣ የጌጥ ዲዛይነሮቹ እነ ኤሚ ፋን ሌርሱምና ኻይስ ባከር እኮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኔዘርላንድ ውስጥ ትልልቅ የአንገት ጌጥ ከአሉሚኒየም ነበር የሚሠሩት፣ ቅርጹ ነው ዋናው።

ካርቶኑ ከተሳካ 0.8 ሚሊሜትር የመዳብ ሉህ ያዙ። የጌጥ መጋዙ ምላጭ ጥርስ ወደ ታች፣ ወደ እጀታው ይዙር፣ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙትና ሳትጫኑ ቁረጡ፣ ከተጫናችሁት ምላጩ ይሰበራል (እኔ በመጀመሪያው ቀን የሰበርኩትን አልነግራችሁም 😅)።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ መዳብ ሲቀጠቀጥና ሲተጣጠፍ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ዝም ብላችሁ ከቀጠላችሁ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን በእሳት አሙቁትና ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ እንደ ብረት ይጠነክራል ብላችሁ አትፍሩ፣ እንደውም ይለሰልሳል። ከዛ ጠርዙን በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው 240፣ 400፣ 600 እያላችሁ አለስልሱት፣ ቁጥር አትዝለሉ፣ ጭረቱ በኋላ ጉድ ያደርጋችኋል።