በምድጃ ዙሪያ ጎጆ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምድጃውን መጨረሻ ላይ ማሰብ። ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ሲሠራ ምድጃው ብዙ ጊዜ ቤቱ ካለቀ በኋላ ባዶ ቦታ በተገኘበት ይጎለታል። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። መሃሉ ላይ ችካል ተክለው ክቡን በገመድ ሲያዞሩ፣ ጉልቻዎቹ የሚያርፉበትንም ያኔውኑ ምልክት ያድርጉ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስፋቱ 5 ሜትር በሆነ ክብ ጎጆ ከምሰሶው እስከ ግድግዳው 2.5 ሜትር ነው፤ ግማሽ ሜትር ለምድጃው ሲወጣ በየወገኑ 1 ሜትር ይቀራል። ከዚህ አያሳንሱት። ወደ ምሰሶው ከተጠጋ እንጨቱ ይከስላል፣ ወደ ግድግዳው ከተጠጋ ጣራው ዝቅ ስለሚል ፍንጣሪው ሳሩን ያገኘዋል። በበሩ ትይዩም አይሁን፤ ንፋሱ ነበልባሉን እያጋደመ ጢሱን ወደ መደቡ ይነዳዋል።

ብርድ ፈርቶ ሁሉን መድፈን። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ ብርዱ ስለሚከብድ ግድግዳና ጣራ የሚገናኙበት ክፍተት ሁሉ በጭቃ ይመረጋል። ጢስ የሚወጣው ግን ከታች አየር ሲገባና ከላይ መውጫ ሲያገኝ ነው። በሳሩ ውስጥ እየሰረገ የሚወጣው ጢስ ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል፤ ለእናትና ለሕፃን ዓይንና ሳንባ ግን ያ ብቻ አይበቃም። ከጣራው ሥር በሁለት ተቃራኒ ወገን አንድ ስንዝር ክፍተት ይተዉ። የከሰል ፍም ይዞ በር ዘግቶ መተኛት ደግሞ ይገድላል፤ መርዙ ጢስም ሽታም የለውም።

ጣራውን ዝቅ አድርጎ መዘርጋት። የሳር ክዳን ቁልቁለቱ የበዛ መሆን አለበት፤ ከግድግዳው ራስ እስከ ጉልላቱ ያለው ቁመት ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ካለው ርቀት ጋር እኩል ይሁን። ከዚያ ካነሰ የክረምቱ ዝናብ ሳይንሸራተት ሳሩ ውስጥ ይቀራል፣ ይበሰብሳልም። ጠርዙን ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ያውጡት።

በመረሬ መምረግ። ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር በጤፍ ጭድ አቡክተው፣ በየቀኑ እየረገጡ ቢያንስ ሳምንት ያቆዩት። መጀመሪያ ወፍራሙን ይምረጉ፤ እሱ ደርቆ ስንጥቁ ከታየ በኋላ ስሱን ይደርቡበት።

ባሕር ዛፍን ከነልጣጩ መትከል። ምስጥ ከልጣጩ ሥር ተደብቆ ይበላል። ልጠው ያድርቁት፤ ከተገኘ ለቋሚው ወይራ ወይም ጥድ ይሻላል። ወለሉንም ከደጁ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው፣ ከቤቱ በላይ ባለው ተዳፋት በኩል ቦይ ይቅደዱ።