ካኑ በመላሽ ውሃ ሲያዝ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ጎርጎራ ላይ ጣናን እየቀዘፈ ያደገ የጎንደር ልጅ ሚዛን አያስቸግረውም። ወደ ወንዝ ሲወርድ የሚጎዳው ሌላ ልማድ ነው፦ ሐይቅ ላይ ማዕበል ሲመጣ መቅዘፊያውን አግድሞ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ወንዝ ላይ ግን ውሃው ከድንጋይ ተወርውሮ ወደ ታች ይጠልቃል፤ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ደግሞ ክፍተቱን ሊሞላ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መላሽ ውሃ የሚባለው ይህ ነው። እዚያ እጁን ያሳረፈ ይያዛል።

ካኑው አረፋው ላይ ወጥቶ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሳባል

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። የጉልበት ማነስ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደለም። ቀዛፊው አረፋውን ሲያይ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ እጁም ይቆማል። ወይም ይቀዝፋል፣ ግን አረፋውን ነው የሚቀዝፈው። አረፋ ውስጥ ብዙ አየር ስላለ መቅዘፊያው ገለባ እንደሚዝቅ መንሽ ያለ ክብደት ይመለሳል።

መፍትሄው ከላይ ይጀምራል። ገና ለስላሳው ውሃ ላይ ሳላችሁ ከወንዙ ይበልጥ ፈጥናችሁ ቅዘፉ። የካኑው አፍንጫ አረፋውን ሲነካ ከወገባችሁ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ ክንዳችሁን ዘርጉ፣ የመቅዘፊያውን ሰፊ ጫፍ ከአረፋው ማዶ ወይም ከሥሩ በጥልቀት ትከሉ። እዚያ ያለው ውሃ ወደ ታች ስለሚፈስ መቅዘፊያውን ይዞ ይጎትታችኋል። ይህች አንዲት ቅዝፊያ ከቀደሙት ሁሉ ትበልጣለች፤ ጊዜዋን እስክትለምዱ ትንንሽ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ሁለት ከሆናችሁ ይህ የፊተኛው ሥራ ነው፤ የኋለኛው አቅጣጫውን ይጠብቃል፣ መግፋቱንም አያቆምም።

አፍንጫው አለፈ ብላችሁ አትረፉ። ውሃው እየፈላ ለሁለት የሚከፈልበት መስመር አለ፤ ከመስመሩ ወዲህ ያለው ሁሉ ወደ ኋላ ይሳባል። የካኑው ወገብ ያንን መስመር እስኪሻገር ቅዘፉ።

አፍንጫው ይዞርና ካኑው ይጋደማል

ምክንያቱ ሰያፍ መግባት ነው። ብዙዎች ለወንዙ ቀጥ ብለው ይገባሉ፤ ቀጥ ማለት ያለባችሁ ግን ለአረፋው መስመር ነው። መስመሩ ሰያፍ ከሆነ እናንተም ከላይ ሳላችሁ አቅጣጫችሁን አስተካክሉ። ከተጋደማችሁ ደግሞ ወደ ወንዙ መውረጃ፣ ወደ አረፋው ክምር አዘንብሉ፣ መቅዘፊያውንም በዚያው በኩል ተደገፉበት። የላይኛው ጠርዝ ዝቅ ካለ የሚወርደው ውሃ ይገለብጣችኋል። ከዚያ ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ እየቀዘፋችሁ ውሃው ወደሚያልፍበት ጫፍ ውጡ።

ካኑው ውሃ ይሞላል

ብዙ ጊዜ ክብደታችሁ ወደ ፊት በመብዛቱ ነው። ትንሽ ወደ ኋላ ተንበርከኩ፣ በሁለቱም ጫፍ የአየር ከረጢት እሰሩ። መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ ነው፤ ሳትቀዱ ወደሚቀጥለው አትግቡ።

ሰው ወድቆ አረፋው ውስጥ ይሽከረከራል

ገመድ የያዘ ሰው ዳር ላይ መቆም ያለበት አስቀድሞ ነው። ገመዱ በማንም ወገብ ላይ አይታሰር። የወደቀው ወደ ጎን፣ ወደ መላሹ ጫፍ ይዋኝ፤ ካልሆነለት ተኮራምቶ ሥር ያለው ውሃ እንዲወስደው ይሞክር። የሕይወት አድን ጃኬትና ሄልሜት የሌለው እዚህ ቦታ አይገባም።

የማይገባበት

ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ጫፎቹ ወደ ወንዙ መውረጃ የታጠፉ መላሽ ውሃ ወደ ዳር ያወጣል። ወደ እናንተ የታጠፉ ከሆኑ መሃል ይይዛል። ከሁሉ የከፋው የመስኖ መጥለፊያ ግድብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ስለሆነ መውጫ ጫፍ የለውም፣ ዝቅ ማለቱና ጸጥታውም ያታልላል። ካኑውን ተሸክማችሁ በየብስ እለፉ።

በክረምት የመገጭም የተከዜም ወንዝ ድፍርስ ነው፤ ድንጋዩን አታዩትም፣ የምታነቡት ላዩን ብቻ ነው። የተከዜ ገባሮች ከ4,500 ሜትር በላይ ከሆነው ከራስ ደጀን አካባቢ ስለሚወርዱ ደጋው ላይ የዘነበው ፀሐይ ባለበት ቆላ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ልትቀዝፉ ስትነሱ ውሃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። ድንጋዩ ከተዋጠ ቀድሞ ያያችሁት መላሽ ተለውጧል፤ ከካኑው ውረዱና ከዳር ሆናችሁ እንደ አዲስ እዩት።