«ሴሚኮለን ጎድሏል» ሲላችሁ ሴሚኮለን አትፈልጉ

ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም ሲ ፕላስ ፕላስ የሚማሩ ልጆች የኤረር ስክሪንሾት ይልኩልኛል። አብዛኛው ያው ነው፦ ቪዥዋል ስቱዲዮ (ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ሲ2146 የሚል የኤረር ቁጥር ሰጥቶ «ከዚህ ስም በፊት ሴሚኮለን (;) ጎድሏል» ይላል። መስመሩ ሲታይ ሴሚኮለኑ ቁጭ ብሏል።

የጎደለው ታይፑ (የዳታው ዓይነት) ነው። የቢቸና ገበሬዎች ያስረከቡትን እህል የሚመዘግብ ፕሮግራም እየሠራችሁ ነው እንበል። «ምርት ጤፍ፤» ብላችሁ ጻፋችሁ። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም) ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። «ምርት» ታይፕ መሆኑን ቀድሞ ካላየ፣ ሁለት ስም ዝም ብሎ የተደረደረ ይመስለዋል። መሃላቸው ሴሚኮለን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ጂሲሲ የሚባለው ሌላ ኮምፓይለር ይሻላል፤ ስሙ ታይፕ እንዳልሆነ በቀጥታ ይናገራል።

ሰዓት የሚበሉት ስህተቶች እነዚህ ናቸው። ኤረሮቹን ከታች መጀመር። አንድ ያልታወቀ ታይፕ ስክሪን ሙሉ ኤረር ይወልዳል። የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክሉና እንደገና ኮምፓይል አድርጉ። የቀሩት ብዙውን ጊዜ አብረው ይጠፋሉ።

የፊደል ነገር። ጃቫ የለመደ ሰው ስትሪንግን (የጽሑፍ ታይፕ) በትልቁ ኤስ ይጀምራል። ሲ ፕላስ ፕላስ ውስጥ በትንሹ ነው፤ ሄደሩን (ታይፑ የሚታወቅበትን ፋይል) ኢንክሉድ ማድረግና፣ ማለትም ወደ ፋይላችሁ ማስገባትና፣ ከስትሪንግ ፊት ኤስቲዲ ማስቀደምም አይረሳ።

ሄደር ኮፒ ማድረግ። ይሄ ብዙ ሰዓት ይበላል። የገበሬን ሄደር ገልብጣችሁ የምርትን ትሠራላችሁ (የማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ኮፒ የማያደርግ የለም፣ እኔም አልከለክልም)። የክላሱን ስም ትቀይራላችሁ፤ ከላይ ኢፍንዴፍ ላይ ያለው የጋርድ ስም (ሄደሩ ሁለቴ እንዳይነበብ የሚከለክለው) ግን የገበሬው እንደሆነ ይቀራል። ሁለቱም ኢንክሉድ ሲደረጉ ኮምፓይለሩ «ይህን አይቼዋለሁ» ብሎ ሁለተኛውን ይዘለዋል። በዝምታ ነው የሚዘለው፣ ማስጠንቀቂያ እንኳ የለም። ፋይሉ አለ፣ ኢንክሉዱ አለ፣ ክላሱ ግን የለም። የጋርዱን ስም ቀይሩ፤ ወይም በሱ ፋንታ ፕራግማ ዋንስ ጻፉ።

ሄደሮችን እርስ በርስ ማጠላለፍ። ገበሬ ምርትን ኢንክሉድ ያደርጋል፣ ምርትም መልሶ ገበሬን። ሜይን ገበሬን ሲጠራ፣ ገበሬ ገና ሳይነበብ ምርት ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ጋርዱ ተመልሶ መግባትን ስለሚከለክል ምርት ገበሬ የሚባል ነገር አያውቅም። ሌላ ኢንክሉድ መጨመር ዋጋ የለውም። ምርት ውስጥ ያለውን ኢንክሉድ አውጡና «ክላስ ገበሬ፤» ብላችሁ አስታውቁት። ይህ ግን የሚሠራው ገበሬን በፖይንተር ወይም በሪፈረንስ ስትይዙት ብቻ ነው። ሙሉ ኦብጀክት አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ኮምፓይለሩ መጠኑን ማወቅ አለበት፤ እሱን ደግሞ ገና አላየም።

ሴሚኮለን እውነትም ብዙ ጊዜ የሚረሳበት ቦታ አለ፦ የክላስ መዝጊያ ቅንፍ ኋላ። ሄደር ላይ ከተረሳ ኤረሩ ቀጥሎ በሚነበበው ፋይል ላይ ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት ኢንክሉድ የተደረገውን ሄደር መጨረሻ እዩ።

ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ ፕሪኮምፓይልድ ሄደር (ቀድሞ ኮምፓይል የተደረገ ሄደር፣ በአጭሩ ፒሲኤች) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከፒሲኤች ኢንክሉድ በላይ የጻፋችሁት ኢንክሉድ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ወደ ታች አውርዱት።