ባህር ዳር ላይ ስደተኛ ሠራተኛ መቅጠር ለምታስቡ

ሐይቁ ዳር አሳ ቤት፣ ፔንሲዮን፣ ጋራዥ ምናምን ያላችሁ ልጆች «ከሱዳን የመጣ ጎበዝ ባለሙያ አግኝቻለሁ ግን ብቀጥረው ጣጣ ይመጣብኛል?» እያላችሁ በኢንቦክስ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልፃፈው።

መጀመሪያ ወረቀት። አዋጅ 1110/2011 ለስደተኛ የመሥራት መብት ሰጥቶታል፣ ግን መብት አለው ማለት ዛሬ መጥቶ ነገ ኪችን ይገባል ማለት አይደለም፣ የሥራ ፈቃድ ይፈልጋል። መታወቂያው ጊዜው እንዳላለፈ፣ ከካምፕ ውጭ እንዲኖር የተፈቀደለት መሆኑን እዩና ምን ሥራ እንደምትሰጡት በደብዳቤ ፅፋችሁ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ጋ አብራችሁት ሂዱ፣ ብቻውን አትላኩት፣ ቋንቋውም ስለሚያስቸግረው ይንከራተታል።

ከዛ ሙያውን እዩ። እኔ ጋ ያለው ልጅ ካርቱም ምግብ ቤት ሲሠራ ኖሮ ሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ሲነሳ በመተማ የገባ ነው፣ ሰርተፍኬት ከየት ያምጣ? ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ጥበስ ብዬ ሰጠሁት። ጎንና ጎኑን ሦስት ሦስት ቦታ በቢላ ሰንጥቆ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ አሸው፣ ግማሽ ሰዓት አስቀመጠው፣ ዱቄት ነስንሶ ወደ ዘይቱ ከመክተቱ በፊት ትንሽ ዱቄት ጣል አድርጎ መጋሉን አየ፣ ሲንጫጫ ነው አሳውን ያስገባው። በቃ አለቀ። የሙከራውን ቀን ግን ከፍዬዋለሁ፣ እናንተም ክፈሉ።

ደሞዝ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ይሄ ልጅ ከኔ በፊት አንድ ቦታ 2 ወር ሠርቶ የተከፈለው የ3 ሳምንት ብቻ ነው፣ የት ሄዶ ይከሰናል ብለው። እንዲህ አይነት ነገር ያማል፣ ደሞም ሕገወጥ ነው። ለኛ ልጅ የምትከፍሉትን ያህል ክፈሉት፣ በባንክ አስገቡለት። ውሉን በፅሁፍ አድርጉት፣ በአረብኛ የሚያስረዳለት ሰው ፈልጉ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ መደበኛው ሥራ በቀን 8 በሳምንት 48 ሰዓት ነው። መታወቂያውን «እንዳይጠፋበት» ብላችሁ እናንተ ጋ አታስቀምጡ፣ ኮፒ ይበቃችኋል።

«የኛ ልጆች ሥራ ፈተው» የሚላችሁ ጎረቤት ይኖራል፣ አትቆጡት፣ እውነቱን ነው፣ የሥራ አጡ ብዛት በየሰፈሩ ይታያል። መንግሥት ራሱ በ2009 ከውጭ አጋሮች ጋር ሲነጋገር ሊፈጠር ከታሰበው 100,000 ሥራ 30,000ው ለስደተኛ ሌላው ለዜጋ እንዲሆን ነበር ዕቅዱ፣ እኔም በትንሿ ቤቴ ያንኑ ነው የሞከርኩት። አንዲት የሰፈር ልጅ አጠገቡ አቆምኩ፣ እሷ አጠባበሱን ከሱ፣ እሱ አማርኛውን ከሷ ለመዱ፣ ሁለት ጠባሽ ሲኖረኝ ደንበኛው ስለበዛ አንድ አስተናጋጅ ጨመርኩ።

አንድ ደሞ እንዳልረሳው፣ ረመዳን ላይ ልጁ ጨው አይቀምስም፣ ቀማሽ ሌላ ሰው መድቡ። ማፍጠሪያው የሚደርሰው ደግሞ ልክ ሰው ሐይቅ ዳር ወጥቶ ቤቱ በሚሞላበት ሰዓት ስለሆነ ማን እንደሚተካው ጠዋት ላይ ተነጋገሩና 20 ደቂቃውን ስጡት።